ውሳኔው የማን ነው? ወጣቶችና የምርጫ ገንዘብ በአሜሪካ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርጫ ገንዘብን የሚመለከት እጅግ ሰፊ ፍርድ ሰጠ። ዘጠኙ ዳኞች በዋና ዋናዎቹ ጭብጦች ላይ አምስት ለአራት ተከፈሉ። በአንዲት አጭር አንቀጽ ላይ ግን ዘጠኙም አንድ ውጤት ላይ ደረሱ። አንቀጿ ዕድሜው 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ማንኛውም ሰው ለፌዴራል እጩም ሆነ ለፓርቲ ገንዘብ እንዳይሰጥ የምትከለክል ነበረች። ዳኞቹ ሻሯት።

ድምፅ መስጠት የማይችል ልጅ ለእጩ ገንዘብ መስጠት ይችላል መባሉ ብዙ ሰው ሲሰማው ግራ ያጋባዋል። ግራ መጋባቱ የሚገባ ነው። ገንዘብ በፖለቲካ ውስጥ ክብደት አለው፤ ልጅ ደግሞ በወላጆቹ ጥላ ሥር ነው። እኔ ግን ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደን የአሜሪካ ወጣቶች በፖለቲካ ውስጥ ያበረከቱትን ጉልበት፣ ያገኙትን መብትና በኪሳቸው ገንዘብ ላይ የተነሣውን ክርክር ስንቃኝ አንድ ጥያቄ በየዘመኑ ተደጋግሞ ይመጣል፤ ውሳኔው የማን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምርጫ ካርድ በፊት የነበረ ተሳትፎ

በ1860 አብርሃም ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ አንድ የወጣቶች ማኅበር ተነሣ። ዋይድ አዌክስ ይባል ነበር። አባላቱ ከዘይት ጠብታ የሚከላከል ካባ ደርበው፣ ችቦ አብርተው፣ በሌሊት በወታደር ሥርዓት ይሰለፉ ነበር። ማኅበሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በሰሜኑ ግዛቶች ሁሉ ተዛመተ። የመምረጫ ዕድሜ በዚያን ጊዜ 21 ስለነበር ከሰልፈኞቹ መካከል ጥቂት የማይባሉት ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ካባውንና ችቦውን ግን ከኪሳቸው ይገዙ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ለምርጫ ዘመቻ መዋጮ አደረጉ ማለት ነው። የከለከላቸው ሕግ አልነበረም፤ ጉዳዩን ጥያቄ አድርጎ ያነሣውም አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1968 ሴናተር ዩጂን ማካርቲ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው በራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት በሊንደን ጆንሰን ላይ ተነሡ። በሺህ የሚቆጠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ወደ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ጎረፉና በበረዶ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን አነጋገሩ። ማርች 12 ቀን በተደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ማካርቲ 42 ከመቶ ገደማ አገኙ። ጆንሰን ቢበልጧቸውም በሥልጣን ላይ ላለ ፕሬዚዳንት ውጤቱ እንደ ሽንፈት ተቆጠረ። ማርች 31 ቀን ጆንሰን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ ለሕዝብ ተናገሩ። ከነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ገና 21 ዓመት ያልሞላቸው፣ ለጦርነት የሚመለመሉ፣ ለምርጫ ግን የማይታወቁ ነበሩ።

የማካርቲ ዘመቻ ሌላም ገጽታ ነበረው። ወጣቶቹ ጊዜያቸውን ሲሰጡ፣ እንደ ስቱዋርት ሞት ያሉ ጥቂት ባለጸጎች ደግሞ ከፍተኛ ገንዘብ ሰጡ። ጉልበት ከብዙ ወጣቶች፣ ገንዘብ ከጥቂት ሀብታሞች መጣ። በአሜሪካ የምርጫ ገንዘብ ክርክር ውስጥ ኋላ የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ በዚያ ዘመቻ ውስጥ በዘር ደረጃ ነበሩ ማለት ይቻላል። ወጣቱ ከሰጠው ጊዜ እኩል አምስት ወይም አሥር ዶላሩን ቢሰጥስ? ሀብታሙ የሚሰጠው ወሰን ቢበጅለትስ?

የተማሪዎች መብት በፍርድ ቤት ፊት

ልጆች ሕገ መንግሥታዊ መብት አላቸው የሚለው አስተሳሰብ በአሜሪካ የበሰለው በትምህርት ቤት ጉዳዮች ነው። በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ባንዲራ እንዲሳለሙ ሊገደዱ አይገባም ብሎ ፈረደ። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ አገሪቱ በጦር ሜዳ ላይ እያለች እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ቀላል አልነበረም።

በዲሴምበር 1965 ደግሞ በአይዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ለሞቱት ሐዘናቸውን ለመግለጽ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ። ከነሱ አንዷ ሜሪ ቤዝ ቲንከር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቱ አገዳቸው። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት ለተማሪዎቹ ፈረደ። ተማሪዎች በትምህርት ቤት በር ሲገቡ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብታቸውን አውልቀው አይገቡም የሚለው መርሕ ከዚያ ጀምሮ ጸና። የ13 ዓመት ልጅ በአገሯ ጦርነት ላይ አቋም ሊኖራት እንደሚችል፣ ያንን አቋም በአደባባይ ለማሳየትም ሕገ መንግሥቱ እንደሚጠብቃት ሕግ ሆነ።

ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ የመምረጫ ዕድሜ ተለወጠ። የዌስት ቨርጂኒያው የምክር ቤት አባል ጄኒንግስ ራንዶልፍ ዕድሜው ወደ 18 ዝቅ እንዲል ኮንግረሱን መጠየቅ የጀመሩት በ1942 ነበር፤ ለጦርነት መመልመያው ዕድሜ 18 የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ጆርጂያ በ1943 በግዛቷ ፈቀደች፣ ኬንታኪ በ1955 ተከተለች። ቀሪው አገር ግን ጠበቀ። በመጨረሻ ማርች 23 ቀን 1971 ኮንግረሱ ያሳለፈው ሃያ ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጁላይ 1 ቀን በግዛቶቹ ጸደቀ። በአሜሪካ ታሪክ እንደዚህ በፍጥነት የጸደቀ ማሻሻያ የለም። መዋጋት የሚችል መምረጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ ሠላሳ ዓመት ከጠበቀ በኋላ በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ አለፈ።

ይህ ታሪክ ለኋላው ክርክር ወሳኝ ነው። በሕጉ ዓይን መምረጥና መናገር ሁለት የተለያዩ መብቶች ሆነው ወጡ። መምረጥ በዕድሜ ይጀምራል። መናገር፣ መሰብሰብ፣ መደገፍና መቃወም ግን ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል።

ገንዘብ ወሰን ሲበጅለት

የምርጫ ገንዘብ ሕግ ታሪክ ከወጣቶች ጋር ሳይገናኝ ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1907 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የፈረሙት የቲልማን ሕግ ኩባንያዎችና ብሔራዊ ባንኮች ለፌዴራል እጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ። በ1947 የሠራተኛ ማኅበራት በተመሳሳይ ተከለከሉ። የግለሰቦችን መዋጮ ግን በቁም ነገር የገታው የዋተርጌት ቅሌት ካስከተለው ድንጋጤ በኋላ የወጣው የ1974ቱ ሕግ ነው። አንድ ግለሰብ ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ ከ1000 ዶላር በላይ መስጠት እንዳይችል ደነገገ። የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽንም በዚሁ ሕግ ተቋቋመ።

ሕጉ ወዲያው ተከሰሰ። ከከሳሾቹ መካከል ዩጂን ማካርቲና ስቱዋርት ሞት ይገኙ ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን 1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ የዘርፉ ምሰሶ ነው። በፍርዱ መሠረት ለእጩ ገንዘብ መስጠት ድጋፍን መግለጫና ከሌሎች ጋር ለአንድ ዓላማ መተባበሪያ ስለሆነ ሐሳብን የመግለጽ መብትን የሚያስከብረው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠብቀዋል። መንግሥት ሙስናን ለመከላከል የመዋጮውን መጠን ሊወስን ይችላል፤ እጩው የሚያወጣውን ወጪ ግን ሊገድብ አይችልም።

እንግዲህ ሁለቱ ጅረቶች ሊገናኙ ነው። ልጆች ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት አላቸው። ገንዘብ መስጠት ደግሞ ሐሳብን መግለጫ ነው። ታዲያ ልጅ ገንዘብ መስጠት ይችላል ማለት ነው?

አንቀጽ 318

የወሰኑ መኖር ወሰኑን የመዝለል ፍላጎት ወለደ። ለራሱ የተፈቀደለትን የጨረሰ ሀብታም ተጨማሪ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ለመስጠት ይፈተናል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ ከልክሎ ነበር፤ በሌላ ሰው ስም መዋጮ ማድረግ ወንጀል ነው። ፈተናው ግን አልቀረም። በአፕሪል 1996 ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በተገኙበት በካሊፎርኒያ በሃሲንዳ ሃይትስ በሚገኝ የቡድሃ ቤተ መቅደስ በተደረገ ዝግጅት ሰበብ መነኮሳት በስማቸው ቼክ ጽፈው ገንዘቡ ከቤተ መቅደሱ እንደተተካላቸው ታወቀ። አገሪቱ ስለ ስም ተበዳሪ ለጋሾች ማውራት ጀመረች።

የልጆች ጉዳይም በዚህ መካከል ተነሣ። ስሌቱ ቀላል ነው። ወሰኑ ወደ 2000 ዶላር ባደገበት ጊዜ የፓርቲ ቅድመ ምርጫና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ አንድ ሰው ለአንድ እጩ 4000 ዶላር መስጠት ይችላል። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር አምስት ስም አላቸው። በአምስት ስም 20000 ዶላር ይሆናል። የሦስት ዓመት ሕፃን በለጋሽነት ቢመዘገብ ውሳኔው የሕፃኑ ነው የሚል ማንም የለም።

በሴናተር ጆን ማኬይንና በሴናተር ራስ ፋይንጎልድ ስም የሚታወቀው የ2002ቱ የማሻሻያ ሕግ ይህን ቀዳዳ ሊደፍን ተነሣ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ማርች 27 ቀን ፈረሙት። አንቀጽ 318 መድኃኒቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠ። ዕድሜው 17ና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ ለእጩና ለፓርቲ አይስጥ። የሦስት ዓመቱ ሕፃንም፣ ከትምህርት በኋላ ምግብ ቤት እየሠራ ደመወዝ የሚያገኘው የ17 ዓመቱ ተማሪም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ።

የሕጉ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ከ1938 ጀምሮ ልጆች በብዙ ሥራ ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ ተቀጥረው እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ከደመወዛቸው ግብር ይቆረጣል። ያ ግብር ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑትን ሰዎች ለመደገፍ ከራሳቸው ላብ ሃያ ዶላር መስጠት ግን ሊከለከሉ ነው። ቀዳዳውን የከፈቱት ወላጆች ናቸው፤ ክልከላው ያረፈው በልጆች ላይ ነው።

ዳኞቹ ያዩት

ሕጉ እንደወጣ ከየአቅጣጫው ክስ ጎረፈበት። ሴናተር ሚች ማኮኔል ዋናው ከሳሽ ሆኑ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ጥቂት ወጣቶችም የጠበቃ ጄይ ሴኩሎው ድርጅት ወክሏቸው አንቀጽ 318ን ብቻ ለይተው ከሰሱ። ሦስት ዳኞች ያሉት የዋሽንግተን ችሎት በሜይ 2003 ከ1600 ገጽ በላይ የሚሆን ፍርድ ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ መደበኛ ዘመኑ ሳይከፈት ሴፕቴምበር 8 ቀን ለአራት ሰዓት የቆየ ክርክር ሰማ።

አንቀጹን የሻረውን የፍርዱን ክፍል የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሬንኲስት ናቸው። መሠረታቸው የ1969ኙ የጥቁር ጨርቅ ጉዳይ ነበር። ልጆች የመጀመሪያው ማሻሻያ ይጠብቃቸዋል፤ መዋጮን መከልከልም ሐሳብን መግለጽንና መተባበርን ይነካል። መንግሥት ክልከላው ያስፈለገው ወላጆች በልጆቻቸው ስም ወሰኑን እንዳያልፉ ነው ብሎ ተከራክሯል። ዳኞቹ ሁለት ነገር መለሱ። አንደኛ፣ ይህ በሰፊው እንደሚደረግ የቀረበው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሌላ ሰው ስም መስጠትም ቀድሞውኑ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ፣ ችግሩ ቢኖር እንኳ ከሙሉ ክልከላ ያነሰ መፍትሔ አለ። አንዳንድ ግዛቶች የልጅን መዋጮ በወላጅ ወይም በቤተሰብ ወሰን ውስጥ ይቆጥሩታል፤ አንዳንዶቹ ለልጆች ዝቅ ያለ ወሰን ያበጃሉ፤ ሌሎቹ የሚከለክሉት ትንንሽ ሕፃናትን ብቻ ነው።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። ፍርድ ቤቱ ልጆች ሁሉ ነጻ ውሳኔ ይወስናሉ አላለም። የሕፃናት ስም ለማጭበርበር ሊውል እንደሚችልም አልካደም። ያለው ይህን ነው። የሌላውን ሰው ማጭበርበር ለመከላከል ተብሎ የራሱን ውሳኔ የሚወስን ወጣት አፍ አይዘጋ።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ከፍርዱ በኋላ ሜዳው ለማጭበርበር ክፍት ሆኖ አልቀረም። የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው መዋጮ የሚቀበለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ልጁ አውቆና በራሱ ፈቃድ መወሰን አለበት። ገንዘቡ የራሱ ብቻ መሆን አለበት፤ ሠርቶ ያገኘው፣ በአደራ ተቀምጦለት የሚደርሰው፣ ወይም በስሙ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያለ። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለመዋጮ እንዲውል ተብሎ የተሰጠው ስጦታ መሆን የለበትም፤ ሌላ ሰውም ሊያዝበት አይገባም።

ይህን በኑሮ ቋንቋ እንመልከተው። የ16 ዓመት ልጅ ቅዳሜና እሑድ ሠርታ ካገኘችው 50 ዶላር ለምክር ቤት እጩ ብትሰጥ ማንም አያግዳትም። አያቷ በልደቷ ቀን የሰጧትን 50 ዶላር በራሷ ሐሳብ ለእጩው ብትሰጥም ችግር የለም። አባቷ ግን «ይህን ለእጩው ስጪው» ብሎ 50 ዶላር ቢያስይዛት፣ ለጋሹ አባትየው ነው፤ በእሷ ስም መመዝገቡም ሕግ መጣስ ነው። የገንዘቡ መጠን አንድ ነው፣ እጩው አንድ ነው፣ ልጅቷም አንድ ናት። የሚለየው የወሰነው ሰው ነው።

የገንዘብ ያልሆነው ተሳትፎም ሰፊ በር አለው። በፈቃደኝነት የሚሰጥ ጊዜና ጉልበት በሕጉ እንደ መዋጮ አይቆጠርም። አንድ ቤተሰብ በቤቱ ለእጩ ሰው ጠርቶ ቡናና ምግብ ቢያቀርብም ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ እስከ 1000 ዶላር ድረስ ያለው ወጪ ከመዋጮ ውጭ ነው። የማካርቲ ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ዛሬም ለማንኛውም ወጣት ክፍት ነው።

በሕግ የተከፈተ፣ በቅጽ የተዘጋ

ሕጉ የፈቀደው ሁሉ በተግባር ይገኛል ማለት አይደለም። በ2003 መዋጮ በአብዛኛው በቼክ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ትንሽ መዋጮ የሚሰጠው በስልክ ላይ ነው። በ2004 የተመሠረተውና የዴሞክራቶችን ትንንሽ መዋጮዎች በብዛት የሚሰበስበው አክትብሉ በቅጹ ላይ ለጋሹ ዕድሜው 18 ዓመት መሙላቱንና የሚከፍለው በራሱ ካርድ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ድርጅቱ ለዚህ በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ የእያንዳንዱን ልጅ ፈቃድና የባንክ ሒሳብ መመርመር ከባድ ነው። ውጤቱ ግን ፍርድ ቤት የከፈተው በር በቅጹ ላይ ባለ አንድ የማረጋገጫ ቃል መዘጋቱ ነው። ለ17 ዓመቱ ወጣት የቀረው መንገድ ቼክ መጻፍ ወይም የዘመቻውን ቢሮ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ቼክ ጽፎ የሚያውቅ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሌላው ጉዳይ ስም ነው። አንድ ሰው በምርጫው ዘመን ለአንድ እጩ የሚሰጠው ከ200 ዶላር ካለፈ ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና ቀጣሪው ለሕዝብ ይገለጻል። ይህ ግልጽነት ለአዋቂዎች ተገቢ ነው። በ16 ዓመቱ የሰጠው መዋጮ ግን ዕድሜ ልኩን በመዝገብ ላይ ይቆያል። ወላጆችም፣ አስተማሪዎችም፣ ዘመቻዎችም ይህን ለወጣቱ አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል። አውቆና በፈቃዱ የሚለው መመዘኛ ሙሉ የሚሆነው የውሳኔውን መዘዝም ሲያውቅ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ያዩታል?

በካናዳ ለፌዴራል ምርጫ መዋጮ ለመስጠት ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን ይበቃል፤ የዕድሜ ወሰን የለም። በ2006 የሊበራል ፓርቲን መሪነት ለመያዝ ይወዳደሩ የነበሩት ጆ ቮልፒ በአንድ መድኃኒት አምራች ድርጅት ዙሪያ ካሉ ቤተሰቦች ገንዘብ ሲቀበሉ፣ ከለጋሾቹ መካከል የ11 ዓመት መንትዮች እያንዳንዳቸው 5400 ዶላር እንደሰጡ ተሰማ። ይህ በዚያ ጊዜ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ከፍተኛው መጠን ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፤ አገሪቱ ግን በቁጣ ተናወጠች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግ የግለሰቦችን ወሰን ወደ 1000 ዶላር አወረደ፣ የኩባንያዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን መዋጮም አስቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ወሰኑ ከፍ ባለ ቁጥር የሕፃን ስም ዋጋ ያወጣል። ወሰኑ ዝቅ ሲል በልጅ ስም ማጭበርበሩ ትርፍ ያጣል፤ የወጣቱ ሃያ ዶላር ግን ክብደት ያገኛል።

በብሪታንያ መመዘኛው ሌላ ነው። ከ500 ፓውንድ በላይ ለፓርቲ የሚሰጥ ግለሰብ በመራጮች መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። ከዚያ በታች ያለው ትንሽ ስጦታ በሕጉ ትርጉም ልገሳ ተብሎ አይቆጠርም። ስኮትላንድና ዌልስ ለራሳቸው ምክር ቤቶች ምርጫ የመራጩን ዕድሜ 16 አድርገዋል። በ2025 የብሪታንያ መንግሥት ለመላው አገር ምርጫም 16 ለማድረግ ማቀዱን አስታወቀ። በዚያ አገር መስጠትና መምረጥ ከአንድ መዝገብ ጋር ታስረው አብረው ዝቅ እያሉ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያውያን ቤት

ይህ ሕግ በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት የተለየ ትርጉም አለው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት የሕግ አቋም ያላቸው ሰዎች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። እናት ግሪን ካርድ አላት። አባት የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነም። ልጅቷ አሜሪካ ተወልዳ በልደቷ ዜጋ ናት። በፌዴራል ሕግ እናትየው መምረጥ ባትችልም ለእጩ መዋጮ መስጠት ትችላለች፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይፈቀድለታል። አባትየው ግን አንዲት ዶላር መስጠት አይፈቀድለትም፤ የውጭ ዜጋ ነውና። የ16 ዓመቷ ልጅ ከራሷ ገንዘብ መስጠት ትችላለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ ባህል የቤተሰብ ገንዘብ አንድ ነው። እቁቡም፣ እድሩም፣ የዘመድ መዋጮውም በአንድ ስም ይሰጣል፤ ማን እንደሰጠ ሲጠየቅ «ቤቱ» ይባላል። ለእድር የሚያምረው ይህ ልማድ በምርጫ ገንዘብ ላይ ግን ወደ ወንጀል ሊያደርስ ይችላል። ያልተፈቀደለት አባት በልጁ ስም ቢሰጥ ሁለት ጥፋት ነው፤ በሌላ ሰው ስም መስጠትና የውጭ ዜጋ መዋጮ። የማኅበረሰቡ ማዕከላትና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም ለእጩዎች የትውውቅ ዝግጅት ሲያደርጉ ይህን በአማርኛ፣ በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ሌላው ፈተና ከአገር ቤት የመጣ ፍርሃት ነው። ብዙ ወላጆች «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባሉ አድገዋል። ምክሩ ከመከራ የተወለደ ነው፤ ልጅ በፖለቲካ ምክንያት ሲታሰርና ሲሞት ያየ ትውልድ ልጁን ቢከለክል አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ያደጉት ሌላ ሕግ ባለበት አገር ነው። በትምህርት ቤታቸው የቲንከርን ጉዳይ ይማራሉ። የኢሚግሬሽን ሕግ የአባታቸውን ዕጣ ሲወስን እያዩ ዝም በሉ ቢባሉ አይዋጥላቸውም። ድምፅ መስጠት በማይችል ቤት ውስጥ በሕግ ድምፁ የሚሰማ የመጀመሪያው ሰው ልጅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ ሸክም መሆኑ እውነት ነው፤ ክብር መሆኑም እውነት ነው። ወላጅ ሊያደርገው የሚገባው ልጁን ማስተማር፣ መጠየቅና ውሳኔውን ለእሱ መተው ነው።

ትንሹን ገንዘብ ትልቅ ማድረግ

መስጠት መቻል ብቻውን እኩልነት አያመጣም። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩባንያዎች ከእጩዎች ተለይተው ለፖለቲካ የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይችልም አለ። በ2014 ደግሞ አንድ ግለሰብ ለእጩዎች ሁሉ ተደምሮ መስጠት የሚችለውን ጠቅላላ ወሰን አነሣ። ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ የሚፈቀደው መጠን ለ2025ና ለ2026 ምርጫዎች 3500 ዶላር ደርሷል። ይህን ያህል የሚሰጥ ወጣት የለም። የወጣቱ አሥር ዶላር በዚህ ባሕር ውስጥ ምን ይሆናል?

መልሱ ያለው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው በሚለው ምሳሌ ውስጥ ነው። አንዳንድ ከተሞች ሃምሳውን ሎሚ በሕግ ማከፋፈል ጀምረዋል። የሲያትል መራጮች በ2015 ባጸደቁት ሕግ መሠረት ከ2017 ጀምሮ ነዋሪዎች እያንዳንዳቸው አራት የ25 ዶላር ኩፖኖች ይሰጧቸዋል። ኩፖኑን ለፈለጉት የከተማ እጩ ይሰጣሉ፤ ከተማው ለዘመቻው ይከፍላል። ግሪን ካርድ ያላቸውም ይካተታሉ፤ በዚያች ከተማ ላለው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜው ግን 18 ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2020 ምርጫ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የነዋሪን ትንሽ መዋጮ በአምስት እጥፍ ከመንግሥት ገንዘብ ያሳድገዋል። ከዲሲ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ደግሞ በ2013 በአሜሪካ የመጀመሪያ ሆና ለከተማ ምርጫ የመራጩን ዕድሜ 16 አደረገች። እነዚህ ሁሉ በኢትዮጵያውያን መንደሮች ዙሪያ ያሉ ምሳሌዎች ናቸው።

ገንዘቡ ከወጣቶች እንዲመጣ ብቻ ሳይሆን ወጣቶች ራሳቸው መወዳደር እንዲችሉም ሥርዓቱ መታሰብ አለበት። የፍሎሪዳው ማክስዌል ፍሮስት በ2022 በ25 ዓመታቸው ለኮንግረስ ሲመረጡ በዘመቻው ወቅት ኑሯቸውን ለመደጎም የኡበር መኪና ይነዱ ነበር። ከተመረጡ በኋላም በዕዳቸው ምክንያት በዋሽንግተን የቤት ኪራይ ማመልከቻቸው ውድቅ ተደረገባቸው። ጥሪት የሌለው ወጣት ሥራውን ትቶ ዓመት ሙሉ ሊወዳደር አይችልም። የፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ያጸደቀው ደንብ እጩዎች ከዘመቻ ገንዘባቸው ደመወዝ መውሰድ የሚችሉበትን መንገድ አሰፋ። ወጣት ለጋሾች የሚሰጡት ትንሽ ገንዘብ ወጣት እጩን በእግሩ የሚያቆምበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ ቅኝት በኋላ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የወጣቶች የመስጠት መብት ሊጠበቅ ይገባዋል፤ በልጅ ስም የሚደረገው ማጭበርበርም ያለ ምሕረት ሊቀጣ ይገባዋል። ሁለቱ አይጋጩም። ክንዷ ላይ ጨርቅ ያሰረችውን የ13 ዓመት ልጅ ያከበረ ሕግ፣ ከደመወዙ ሃያ ዶላር የሚሰጠውን የ17 ዓመት ወጣትም ሊያከብር ይገባል።

ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መብቱ ከወረቀት ወደ ኑሮ ይወርዳል። የመዋጮ መሰብሰቢያ ድርጅቶች ወጣቱን በቅጽ ከማባረር ይልቅ በትንሽ ወሰን፣ ለምሳሌ ከ200 ዶላር በታች፣ ሦስቱን መመዘኛዎች በቀላል ቋንቋ ጠይቀው ሊቀበሉት ይችላሉ። የዚያን ያህል ገንዘብ ለማጭበርበር አያጓጓም። ሁለተኛ፣ ኩፖንና ማባዣ ያላቸው ከተሞች ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ወጣቶች ሊያካትቱ ይገባል። ኩፖን የወላጅ ገንዘብ ሊሆን አይችልም፤ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የሚሰጥ ነውና በልጅ ስም የመስጠትን ችግር ከሥሩ ያደርቀዋል። ሦስተኛ፣ የሥነ ዜጋ ትምህርት የምርጫ ገንዘብን ይጨምር። ማን ይሰጣል፣ ማን ይቀበላል፣ ምን ይከለከላል የሚለውን ያላወቀ ተማሪ በ18 ዓመቱ ካርድ ይዞ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ ከፖለቲካው ግማሹን ሳያውቅ ይሄዳል።

ዕድሜ ብቻውን ውሳኔን የራስ አያደርግም። በአሠሪው ተጽዕኖ የሚሰጥ የሃምሳ ዓመት ሰው አለ፤ አጥንቶና አመዛዝኖ የሚሰጥ የ16 ዓመት ተማሪም አለ። ዴሞክራሲ ሊጠብቀው የሚገባው ነጻ ውሳኔን ነው፤ ነጻ ውሳኔ ባለበት ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን፣ ሕግ ከጎኑ ሊቆም ይገባል።